ዓርብ ማታ በአናፖሊስ፦ አይሁዳውያን ለወታደር ልጆቻቸው የከፈቱት በር

ልጅ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶት ከቤት ሲወጣ የት እንደሚያድር፣ ምን እንደሚበላ፣ ከማን ጋር እንደሚውል ማሰብ የወላጅ ዕጣ ነው። ኮሌጅ የገባ ልጅ ቢሆን ቅዳሜና እሑድ ብቅ ይላል፤ በፌስታል ምግብ ተቋጥሮለት ይመለሳል። ጦር አካዳሚ የገባ ልጅ ግን እንዲህ አይደለም። የሚነሣበት ሰዓት፣ የሚለብሰው ልብስ፣ የሚቀመጥበት ማዕድ ሁሉ በትእዛዝ ነው። በመጀመሪያዎቹ የሥልጠና ሳምንታት እናቱ ደውላ «ልጄ፣ ዛሬ እኮ ጾም ነው» ልትለው ብትፈልግ ስልኩ ከእጁ የለም።

እንዲህ ባለ ቦታ አንድ ልጅ የአባቶቹን ሃይማኖት እንደያዘ መኮንን ሆኖ ሊወጣ ይችላልን? በአሜሪካ ይህን ጥያቄ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሲጋፈጡት ከኖሩት መካከል አይሁዳውያን አሉበት። ቁጥራቸው በጦር ትምህርት ቤቶች ውስጥ ምንጊዜም ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ዛሬ በዌስት ፖይንትም ሆነ በአናፖሊስ የራሳቸው ምኩራብ አላቸው። ይህ እንዴት ሆነ? ማን ከፈለው? ከዚያስ በፊት ምን ደረሰባቸው? ልጆቹን በአሜሪካ ለሚያሳድግ ኢትዮጵያዊ ታሪኩ ብዙ ይነግረዋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከወንዙ ዳር ያለው ግቢ

ኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶች ከሚበዙበት ከዋሽንግተን ዩ ስትሪት ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ የሚነዳ ሰው፣ መንገዱ ካልተጨናነቀበት አንድ ሰዓት ሳይሞላው አናፖሊስ ይደርሳል። አናፖሊስ የሜሪላንድ ርእሰ ከተማ ናት። ከሰቨርን ወንዝ ዳር በ1845 የተቋቋመው የአሜሪካ ባሕር ኃይል አካዳሚ የሚገኘው እዚያ ነው። ከአራት ሺህ በላይ ወጣቶች ይማሩበታል፤ «ሚድሺፕመን» ይባላሉ፣ እጩ የባሕር ኃይል መኮንኖች ማለት ነው።

ወደ ግቢው የገባ ሰው ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው በትልቁ ቤተ ጸሎት ጉልላት ላይ ነው። ከዚያ ትንሽ ራቅ ብሎ ሌላ ሕንፃ አለ። የውስጡ ግድግዳ ከኢየሩሳሌም በመጣ ድንጋይ ተሠርቷል፤ ምእመናን ቆመው የሚጸልዩበትን የምዕራብ ግንብ እንዲያስታውስ ተደርጎ ነው። በ2005 የተመረቀው ይህ ሕንፃ በኮሞዶር ዩራያ ፊሊፕስ ሊቪ ስም የተሰየመ የአይሁድ ምኩራብና ማዕከል ነው። ዓርብ ማታ መብራቱ ይበራል፤ ሳምንቱን ሙሉ በሰልፍና በትምህርት የደከሙ ልጆች ይገባሉ፤ ይጸልያሉ፤ ይበላሉ፤ ያወራሉ።

ደወሉ የማያውቀው ሰንበት

የአይሁድ ሰንበት ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ይገባና ቅዳሜ ማታ ከዋክብት ሲታዩ ይወጣል። በዚያ ጊዜ ሃይማኖቱን አጥብቆ የሚይዝ ሰው አይሠራም፣ እሳት አያነድም፣ መኪና አይነዳም። አንዳንድ ጸሎት ደግሞ ብቻን አይሆንም። ዐሥር ሰው መሙላት አለበት፤ አጥባቂዎቹ ወንዶችን ብቻ ሲቆጥሩ፣ ሌሎቹ ሴቶችንም ይቆጥራሉ። ምግቡም ሕግ አለው። የአሳማ ሥጋ ክልክል ነው፤ ሥጋና ወተት በአንድ ማዕድ አይቀርቡም፤ እንስሳው የሚታረድበት ሥርዓት የታወቀ ነው። በፋሲካቸው ሰሞን ለስምንት ቀን እርሾ የነካው እንጀራ አይቀመስም። ዮም ኪፑር የሚባለው የማስተሥረያ ቀን ሲመጣ ደግሞ ከምሽት እስከ ምሽት ውኃ እንኳ ሳይቀመስ ይጾማል።

ይህን ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አይከብድም። ሥጋ የማይቀመስባቸውን ቀኖች ለሚቆጥር፣ በሌላ እጅ የታረደ ሥጋ ለማይበላ፣ አሳማን ከደጁ ለማያስጠጋ ሕዝብ እንዲህ ያለው ሕግ ባዕድ አይደለም። ጎንደር አካባቢ ጎረቤቶቹ ቤተ እስራኤል የነበሩ ሰውማ በዓይኑ ያየው ነው። ቅዳሜ ከቤታቸው ጢስ አይወጣም ነበር፤ ዓርብ የተዘጋጀውን ምግብ ቀዝቅዞ ይበሉት ነበር።

የጦር አካዳሚ ደወል ግን ይህን ሁሉ አያውቅም። ቅዳሜ የሰልፍ፣ የፍተሻና የእግር ኳስ ቀን ነው፤ አካዳሚው በሜዳው የአሜሪካን እግር ኳስ ሲጫወት ተማሪው መገኘት ግዴታው ነው። በምግብ አዳራሽ ሁሉም አብሮ ተቀምጦ የቀረበለትን ይበላል። አንድ ልጅ «እኔ ይህን አልበላም» ሲል ከሺህ ሰው ፊት ተለይቶ መታየቱ ነው። ወታደር ደግሞ ከምንም በላይ የሚማረው አለመለየትን ነው። የነገሩ ክብደት እዚህ ላይ ነው። አካዳሚው ሁሉንም አንድ ዓይነት ለማድረግ ይደክማል፤ ሃይማኖት ግን አንዳንዴ «አንተ ከዚህ ላይ ተለይ» ይላል።

ከሁለቱ አንዱ

ዌስት ፖይንት ከኒው ዮርክ ከተማ በስተ ሰሜን በሐድሰን ወንዝ ዳር የሚገኝ የምድር ጦር አካዳሚ ነው። በመጋቢት 1802 ሲቋቋም ትንሽ ትምህርት ቤት ነበር። በዚያው ዓመት በጥቅምት የመጀመሪያዎቹን መኮንኖች ሲያስመርቅ ተመራቂዎቹ ሁለት ብቻ ነበሩ። አንደኛው ጆሴፍ ስዊፍት ሲሆን ሁለተኛው ሳይመን ሊቪ የተባለ አይሁዳዊ ነበር። ስለዚህ «የዌስት ፖይንት የመጀመሪያ ተመራቂዎች ግማሹ አይሁድ ነበሩ» የሚለው ቀልድ በአካዳሚው አይሁዳውያን ዘንድ ሲነገር ይኖራል። ሊቪ ግን ጤና ስላልነበረው በ1805 ሠራዊቱን ለቅቆ በ1807 በወጣትነቱ ሞተ።

እንግዲህ አይሁዳዊ በአሜሪካ ጦር አካዳሚ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነበረ ማለት ነው። የሚጸልይበት ቤት ግን አልነበረውም። በዌስት ፖይንት ግቢ አይሁዳውያን የራሳቸው ምኩራብ ያገኙት ከመጀመሪያው ተመራቂ 182 ዓመት በኋላ ነው።

ስድስት ጊዜ የተከሰሰው መኮንን

የአናፖሊሱ ምኩራብ ስሙን ያገኘበት ሰው ዩራያ ሊቪ በ1792 ፊላዴልፊያ ተወለደ። አካዳሚ አልገባም፤ በዚያን ጊዜ የባሕር ኃይል አካዳሚም አልነበረም። ገና በልጅነቱ መርከብ ላይ ወጥቶ ሥራውን ከታች ጀምሮ ተማረ። ከእንግሊዝ ጋር በ1812 በተነሣው ጦርነት በአርገስ መርከብ ላይ አገልግሎ ተማረከና በእንግሊዝ አገር በዳርትሙር እስር ቤት ዐሥራ ስድስት ወር ያህል ታሰረ። ተፈትቶ ሲመለስ ባሕር ኃይል ውስጥ መኮንን ሆነ።

መከራው የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። አይሁድነቱን በሚጠሉ መኮንኖች መካከል ነበርና ስድብና ንቀት አልተለየውም። እርሱም ንቀትን በዝምታ የሚያልፍ ሰው አልነበረም። ስድስት ጊዜ በጦር ፍርድ ቤት ቆመ። በ1855 ደግሞ ከአገልግሎት እንዲሰናበት ተደረገ። ሊቪ ግን እጁን አልሰጠም። በ1857 በአጣሪ ፍርድ ቤት ፊት ቆሞ ተከራከረ፤ የተበደለው በሥራው ሳይሆን በወላጆቹ ሃይማኖት ምክንያት መሆኑን በግልጽ ተናገረ። ማዕረጉ ተመለሰለት። በመጨረሻም በሜዲትራኒያን ባሕር የአሜሪካ መርከቦች አዛዥ ሆኖ «ኮሞዶር» ለመባል በቃ። በአሜሪካ ባሕር ኃይል በዚህ ስም የተጠራ የመጀመሪያው አይሁዳዊ እርሱ ነው። በ1862 ኒው ዮርክ ውስጥ አረፈ።

የዚህ ሰው ስም በሁለት ሌሎች ነገሮችም ይነሣል። በዚያን ዘመን ጥፋት የሠራ መርከበኛ በጓደኞቹ ፊት በጅራፍ ይገረፍ ነበር፤ ሊቪ ይህን ቅጣት አጥብቆ ከተቃወሙት መኮንኖች አንዱ ነበር። ኮንግሬስ በ1850 ግርፋቱን አስቀረው። ሁለተኛው ነገር ለፕሬዚዳንት ቶማስ ጀፈርሰን የነበረው ፍቅር ነው። ለሃይማኖት ነፃነት ስለደከመ ያከብረው ነበርና በራሱ ገንዘብ ሐውልት አሠርቶ በ1834 ለአገሪቱ ሰጠ። ፈርሶ ሊቀር የነበረውን ሞንቲቼሎ የተባለውን የጀፈርሰንን ቤትም ገዝቶ አዳነው። ዋሽንግተን የሚኖር አንባቢ ያን የነሐስ ሐውልት ዛሬም በካፒቶል ሕንፃ ከጉልላቱ ሥር ባለው ክብ አዳራሽ ቆሞ ሊያየው ይችላል።

ተቀድዶ እንዲወጣ የታተመ ገጽ

ሊቪ ከሞተ ከስድሳ ዓመት በኋላ በአናፖሊስ የሆነው ነገር ግን ክፉው ልማድ ከእርሱ ጋር እንዳልተቀበረ ያሳያል። በ1922 ሊዮናርድ ካፕላን የተባለ አይሁዳዊ ወጣት ከክፍሉ ሁለተኛ ሆኖ ተመረቀ። እንደ ደንቡ የተመራቂዎቹ መጽሐፍ ሲታተም የእርሱም ፎቶግራፍ ገባ። ይሁን እንጂ የእርሱ ገጽ ከሌሎቹ የተለየ ነበር። ጠርዙ እንደ ቴምብር በተርታ ተበስቶ ነበር፤ የፈለገ ሰው መጽሐፉን ሳያበላሽ ቀድዶ እንዲጥለው ማለት ነው። ገጹ ቁጥር አልነበረውም፤ ስሙም ከማውጫው ላይ አልገባም።

አራት ዓመት አብሮ የበላ፣ አብሮ የተሰለፈ፣ በትምህርቱ ከአንድ ሰው በቀር ሁሉንም የበለጠ ልጅ ነበር። ነገሩ ጋዜጣ ላይ ወጥቶ ብዙ አነጋግሯል። ዛሬ አንድ መቶ ዓመት አልፎትም የዚያ አካዳሚ ታሪክ ሲጻፍ ሳይጠቀስ አያልፍም።

በዚያው ክፍል ሌላም አይሁዳዊ ነበር፤ ከፖላንድ በሕፃንነቱ ከወላጆቹ ጋር ተሰዶ የመጣው ሃይመን ሪኮቨር። ይህ የስደተኛ ልጅ በኋላ አድሚራል ሆኖ የአሜሪካን የኒውክሌር ሰርጓጅ መርከቦች ያቋቋመ፣ እስከ 1982 ድረስ ከስድሳ ዓመት በላይ ያገለገለ ታላቅ ሰው ሆነ። የተወለደበትን የአይሁድ ሃይማኖት ግን ትቶ ወደ ክርስትና ገብቷል። ሰው ሃይማኖቱን የሚለውጥበትን ምክንያት ልቡ ያውቀዋል፤ በእርሱ የሚፈረድ ነገር የለም። ሆኖም በዚያን ጊዜ በአናፖሊስ ግቢ ውስጥ አንድ አይሁዳዊ ልጅ ዓርብ ማታ ገብቶ የሚቀመጥበት የራሱ ቤት እንዳልነበረ የታወቀ ነው።

ትእዛዙ ሲቀር

በሦስቱም ታላላቅ አካዳሚዎች፣ ማለትም በምድር ጦር፣ በባሕር ኃይልና በአየር ኃይል፣ ተማሪ ሁሉ በሳምንት አንድ ቀን ጸሎት ቤት መገኘት ግዴታው ነበር። ፕሮቴስታንቱ ወደ ፕሮቴስታንት፣ ካቶሊኩ ወደ ካቶሊክ፣ አይሁዳዊውም ወደ አይሁድ ጸሎት ይላካል እንጂ «አልሄድም» ማለት አይቻልም። ጥቂት ተማሪዎች ይህ የአገሪቱን ሕገ መንግሥት ይፃረራል ብለው ከሰሱ። በ1972 የዋሽንግተን የይግባኝ ፍርድ ቤት ፈረደላቸው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ጉዳዩን አልይም ስላለ ፍርዱ ጸና። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በእነዚህ አካዳሚዎች ጸሎት የውዴታ ሆነ።

ይህ ለነፃነት ትልቅ እርምጃ ነበር። ለማኅበረሰቡ ግን አዲስ ሥራ አመጣበት። ቀድሞ ልጁን ወደ ጸሎት የሚያመጣው ትእዛዝ ነበር፤ አሁን ደክሞት አልጋው ላይ ሊተኛ የሚችለውን ልጅ ማን ያምጣው? ግብዣ ያስፈልጋል፤ ምግብ ያስፈልጋል፤ የሚጠብቀው ሰው ያስፈልጋል። ልጁ የሚመጣው «ቤቴ ነው» የሚለው ቦታ ካለ ነው። የዌስት ፖይንትና የአናፖሊስ ምኩራቦች ሁለቱም ከዚህ ፍርድ በኋላ መሠራታቸው ያለ ነገር አይደለም የሚያሰኝ ነው።

ድንጋዩ ከማን ኪስ ወጣ?

ከሦስቱ አካዳሚዎች ቀድሞ ለአይሁዳውያን ቦታ ያዘጋጀው ታናሹ ነው። በኮሎራዶ ተራራ ሥር በ1954 የተቋቋመው የአየር ኃይል አካዳሚ፣ ሰማዩን በሚወጉ 17 ሹል ማማዎቹ የሚታወቀውን ቤተ ጸሎት በ1963 ሲያስመርቅ ፎቁን ለፕሮቴስታንቶች፣ ምድር ቤቱን ለካቶሊኮችና ለአይሁዳውያን አድርጎ ነበር። የአይሁዳውያኑ ክፍል ክብ ሆኖ አንድ መቶ ያህል ሰው ይይዛል። ከመግቢያው ላይ ከናዚዎች ጥፋት የተረፈ የኦሪት ጥቅልል ተቀምጦ ነበር። ይህ ሕንፃ ከ2019 ጀምሮ ለትልቅ እድሳት ተዘግቷል።

የዌስት ፖይንቱ ምኩራብ ታሪክ ከዚህ ይለያል። ካቶሊኮች ከዚያ በፊት በ1900 በዚያው ግቢ የራሳቸውን ቤተክርስቲያን ከምእመናን በተዋጣ ገንዘብ አሠርተው ነበር። አይሁዳውያኑም ይህንኑ መንገድ ያዙ። ማኅበር አቋቁመው ገንዘብ ሲያሰባስቡ ብዙ ዓመት ቆዩ። ንድፉን ያወጣው በኒው ዮርክ በትላልቅ ሕንፃዎቹ የታወቀው ማክስ አብራሞቪትዝ ነው። ግቢው ሁሉ ግራጫ ድንጋይ ነውና ምኩራቡም ከአካባቢው ተስማምቶ በድንጋይ ተሠራ። በ1984 ተመርቆ ለሠራዊቱ በስጦታ ተሰጠ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል የሚጓዙ ቤተ እስራኤላውያን በሌሊት አውሮፕላን ይሳፈሩ ነበር።

የአናፖሊሱ ደግሞ ወደ 8 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ፈጀ። መንግሥት ከፊሉን ቢሰጥም አብዛኛው የመጣው ምኩራቡን ለማሠራት ከተቋቋመው የወዳጆች ማኅበርና ከለጋሾች ኪስ ነው። ሕንፃውን ለአይሁዳውያን ብቻ አልዘጉትም። የጸሎቱ ክፍል የእነርሱ ይሁን እንጂ፣ ሌላው ክፍል የአካዳሚው ተማሪዎች ሁሉ ስለ ክብርና ስለ ሥነ ምግባር የሚማሩበትና የሚሰበሰቡበት ሆነ። ይህም ብልህነት ነው። ለራሱ ብቻ ከሚጠይቅ ይልቅ ለሁሉም የሚጠቅም ነገር ይዞ የሚመጣ እንግዳ ቶሎ ቦታ ያገኛል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለውም ለዚህ ነው፤ አንድ ሀብታም ብቻውን ቢጀምረው ኖሮ የብዙ ሰው ቤት ባልሆነም ነበር።

ሕንፃ ብቻውን አይበቃም

ሕንፃ ከቆመ በኋላ የሚቀጥለው ጥያቄ ማን ይሙላው የሚለው ነው። የመጀመሪያው አስፈላጊ ሰው የሠራዊቱ ረቢ ነው። ይህም ቢሆን በቀላሉ አልተገኘም። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በ1861 ሲጀመር ሕጉ የጦር ቄስ ክርስቲያን መሆን አለበት ይል ነበር። በአንድ የፔንሲልቬንያ ክፍለ ጦር ወታደሮቹ ራሳቸው የመረጡት አይሁዳዊ በዚህ ሕግ ምክንያት ቦታውን ለቀቀ። ረቢ አርኖልድ ፊሸል ዋሽንግተን ድረስ ሄደው ለፕሬዚዳንት ሊንከን አቤት አሉ። ሊንከን ሰሟቸው፤ በሐምሌ 1862 ሕጉ ተሻሻለ፤ የፊላዴልፊያው ጄኮብ ፍራንክልም በዚያው ዓመት የመጀመሪያው የሠራዊት ረቢ ሆኑ።

ከዚያ በኋላ ሥራው በማኅበር ተያዘ። አሜሪካ በ1917 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ውስጥ ስትገባ አይሁዳውያን ወታደሮቻቸውን የሚረዳ ቦርድ አቋቋሙ። ረቢዎችን መልምሎ ለሠራዊቱ የሚያቀርበው፣ የጸሎት መጽሐፍ የሚያሳትመው፣ ለፋሲካ ያልቦካውን ቂጣና ወይኑን ወታደሩ እስካለበት የሚልከው ይኸው ተቋም ነው። ሥራው ከመቶ ዓመት በኋላም ቀጥሏል።

ሁለተኛው ቤተሰብ ነው። በአናፖሊስ አንድ መልካም ልማድ አለ፤ በከተማውና በአካባቢው የሚኖሩ ቤተሰቦች ተማሪዎችን እንደ ልጅ ይቀበላሉ። ልጁ ከግቢ መውጣት ሲፈቀድለት እቤታቸው ሄዶ ይተኛል፣ ይበላል፣ ልብሱን ያጥባል። ልጁ አይሁዳዊ ሲሆን ቤተሰቡም አይሁዳዊ ከሆነ ሰንበቱን እንደ ሰንበት ያከብራል፤ ዮም ኪፑር ጾሞ ከሰው ጋር ይፈታል። ይህን ያህል ነገር ለማድረግ ሚሊዮን ዶላር አያስፈልግም፤ አንድ ትርፍ አልጋና አንድ ትርፍ ሳህን ይበቃል።

ሦስተኛው ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። በዌስት ፖይንት የአይሁድ ተማሪዎች መዘምራን አሏቸው። መለዮ ለብሰው በየከተማው ምኩራብ እየሄዱ ይዘምራሉ። ይህ ሁለት ጥቅም አለው። ልጆቹ ከማኅበረሰቡ ጋር ይተዋወቃሉ፤ ማኅበረሰቡም «የምናዋጣው ለእነዚህ ነው» ብሎ በዓይኑ ያያል።

አራተኛው ሕግን ተከታትሎ ማስከበር ነው። ሲምካ ጎልድማን የአየር ኃይል መኮንንና የሥነ ልቦና ሐኪም ቤት ባለሙያ ነበር፤ በሙያው ላይ ረቢነትም ነበረው። ኪፓ የምትባለውን ትንሽ ቆብ በመለዮው ላይ አድርጎ ለዓመታት ሲሠራ ከቆየ በኋላ «ከደንብ ውጭ ነው፣ አውልቅ» ተባለ። ከሰሰ፤ በ1986 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአምስት ለአራት ድምፅ ፈረደበት። ማኅበረሰቡ ግን በፍርዱ ተስፋ ቆርጦ አልተቀመጠም። ወደ ኮንግሬስ ሄደ። በ1987 የወጣው ሕግ ወታደር ንጹሕና ያልጋነነ የሃይማኖት ልብስ ከመለዮው ጋር እንዲለብስ ፈቀደ። በፍርድ ቤት የተዘጋው በር በሕግ አውጪው በኩል ተከፈተ።

ጉዳዩ በዚህ አበቃ ማለት አይደለም። በ2005 በአየር ኃይል አካዳሚ አይሁዳውያንን ጨምሮ አንዳንድ ተማሪዎችና ወላጆች የበላዮቻቸው የራሳቸውን የክርስትና እምነት እንደሚጭኑባቸው አቤቱታ አሰሙ። አየር ኃይሉ ያቋቋመው አጣሪ ቡድን ግልጽ አድልዎ አላገኘሁም ቢልም ለሌላው እምነት ደንታ ማጣት እንዳለ አረጋገጠ። ቤት የተሠራለት ሰውም ቢሆን ቤቱን መጠበቅ ይኖርበታል።

በሁለት አገር የተጠራው ወታደር

በዌስት ፖይንት መካነ መቃብር አንድ መቃብር ጎብኚ አያጣውም። ኮሎኔል ዴቪድ ማርከስ፣ በቅጽል ስሙ «ሚኪ» የተባለው፣ በ1901 ኒው ዮርክ ከድሀ የስደተኛ ቤተሰብ ተወልዶ በ1924 ከዌስት ፖይንት ተመረቀ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አገልግሎ፣ በ1948 እስራኤል ስትቋቋም የጦር ልምዱን ይዞ ሄደ። እዚያም የመጀመሪያው ጄኔራል ተብሎ ተሾመ። ተኩስ ሊቆም ጥቂት ሰዓታት ሲቀሩት፣ በኢየሩሳሌም አቅራቢያ ሌሊት ነጭ ጨርቅ ተከናንቦ ከሰፈሩ ወጣ አለ። ሲመለስ የገዛ ወገኑ ዘበኛ በዕብራይስጥ «ማነህ?» አለው። ማርከስ ዕብራይስጥ አያውቅም ነበር። ዘበኛው ተኮሰ። አስከሬኑ ወደ ዌስት ፖይንት መጥቶ ተቀበረ።

በእስራኤል ሠራዊት ውስጥ ዛሬ ከኢትዮጵያ የሄዱ ቤተሰቦች ልጆች ያገለግላሉ፤ መኮንኖችም ወጥተውላቸዋል። እዚያ ሰንበት ወደ ጦር ሰፈር ራሱ ይመጣል፤ ወጥ ቤቱ በሕጉ ነው የሚሠራው፤ የቤተ እስራኤል በዓል የሆነው ስግድም በ2008 በሕግ የአገሪቱ በዓል ሆኗል። የእነርሱ ፈተና ሌላ ነው፤ በቆዳ ቀለማቸው የሚደርስባቸውን አድልዎ በአደባባይ ሰልፍ ጭምር ሲታገሉ ኖረዋል። በአሜሪካ ያለው አይሁዳዊ ካዴት ግን ሰንበቱን እየፈለገ መሄድ አለበት፤ ወይም ሌላ ሰው ቀድሞ ሊያዘጋጅለት ይገባል።

የእኛስ ልጅ?

በአሜሪካ ተወልደው ያደጉ የኢትዮጵያውያን ልጆች ሠራዊት ውስጥ እየገቡ ነው። አካዳሚዎቹ የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም፤ በምትኩ ተመራቂው ቢያንስ አምስት ዓመት ማገልገል አለበት። ለመግባት የአሜሪካ ዜግነት ያስፈልጋል፤ አብዛኛው አመልካችም ከአካባቢው የኮንግሬስ አባል ወይም ሴናተር ጥቆማ ያሻዋል። ጎበዝ ልጅ ያለው ወላጅ ሊያስብበት የሚገባ ዕድል ነው።

ያ ልጅ ገብቶ ዓቢይ ጾም ሲደርስ፣ ወይም ረመዳን ሲገባ፣ ወይም ገና በታኅሣሥ 29 ሲውልና በግቢው ማንም ሳያውቅለት ሲቀር፣ የሚጠይቀው ይኖረው ይሆን? በየአካዳሚው የሃይማኖት ጉዳይ መኮንን አለ፤ ጥያቄ ሲቀርብለት የመስማት ግዴታም አለበት። ነገር ግን የአይሁዳውያኑ ታሪክ እንደሚያሳየው፣ ያልተጠየቀ ነገር አይሰጥም። ከአናፖሊስ ዙሪያ ባሉ ከተሞች የሚኖረው ኢትዮጵያዊ በሺህ የሚቆጠር ነው። ለአንድ ካዴት በጾም ቀን ሽሮና ጎመን ይዞ መሄድ፣ በበዓል ቀን እቤት ማሳደር፣ ከደብሩ አንድ ካህን ወይም ከመስጊዱ አንድ ሼኽ ስልክ እንዲደውልለት ማድረግ ምኩራብ ከመሥራት እጅግ ይቀላል። መጀመርም የሚገባው ከዚህ ነው።

በ1922 የታተመው መጽሐፍ የካፕላንን ገጽ ለመቀደድ አዘጋጅቶት ነበር። ዛሬ በዚያው ግቢ፣ እንደ እርሱ ያለ ወጣት ዓርብ ማታ የሚገባበት የድንጋይ ቤት ቆሟል፤ ውስጥም ሳህኑን አስቀምጦ የሚጠብቀው ሰው አለ።